ለአሜሪካው ኮሌጅ «ደህና ነን» ብዬ የጻፍኩ ቀን

በሰፈራችን የምታወቀው በምላሴ ነው። እናቴ «የዚችን ልጅ አፍ ማን ይችለዋል» ትላለች፤ አክስቶቼ ደግሞ በዚህ ምላሷ ባል አታገኝም ብለው ከልባቸው ይሰጉልኝ ነበር። ታዲያ በሕይወቴ ትልቁን ስህተት የሠራሁት ምላሴን ሰብስቤ፣ ጨዋ ልጅ ሆኜ፣ አባቴን ሰምቼ ነው ስል የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑኝም። እኔም አንዳንድ ቀን ማመን ያቅተኛል።

ቤታችን ከግራና ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ በክረምት ማሽላ ያርሳል፣ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። እኔ መርሳ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው፤ ሰኞ ጧት ስንቄን ይዤ እሄድና አርብ እመለሳለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር፣ የወልድያ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ተማሪው ሁሉ ሲወጣ እኔን አስቀረኝና «አሜሪካ ውስጥ ለጎበዝ ተማሪ ሙሉ ወጪውን ችለው የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ፤ ለምን አታመለክቺም?» አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ «መጀመሪያ ደሴን ልየው» ብዬ መለስኩለት። አልሳቀም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲሪንቃ፣ ኢንተርኔት ያለው ጓደኛው ዘንድ ይዞኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቅዳሜ ሲሪንቃ እንደተመላለስን አላውቅም። ማመልከቻው ማለቂያ የለውም። አንዱን ገጽ ጨርሰን ተገላገልን ስንል ሌላ ይከፈታል። አንዱ ገጽ በትርፍ ጊዜሽ ምን ትሠሪያለሽ ይላል።

«ትርፍ ጊዜ የለኝም» አልኩት መምህሩን።

«ቤት ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሽንኩርት ውሃ አጠጣለሁ። ማሽላው ሲያሸት ወፍ እጠብቃለሁ።»

«እሱን ጻፊ።»

«ወፍ መጠበቅን? ለአሜሪካ?»

«ጻፊ ብያለሁ።»

ጻፍኩ። ስንት ዓመት ሠራሽ፣ በሳምንትስ ስንት ሰዓት ይላል ደግሞ። ለወፍ ማን ሰዓት ይዞ ያውቃል።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ ራሴ የምጽፈው ድርሰት ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩትን መምህሩ አነበበና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ይሄ የሰላምታ ደብዳቤ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ጤና ይስጥልኝ ብዬ ጀምሬ፣ አላህን አመስግኜ፣ አባትና እናቴን አመስግኜ፣ አንባቢውን እንዴት ከረሙ ብዬ፣ ስለ ራሴ ልጽፍ ስል ገጹ አልቆ ነበር።

«እነሱ እንደኛ አይደሉም» አለኝ። «ችግርሽን በመጀመሪያው መስመር ነው የሚፈልጉት። ሳትዞሪ፣ እንዲህ ሆኜ ነበር በይ።»

ሦስት ሳምንት ታገልኩ። በመጨረሻ አንበጣ ማሽላችንን የበላበትን ዓመት ጻፍኩ፤ በቀን አንዴ እየበላን እንዴት እንደከረምን፣ እናቴ የብር አምባሯን ጎረቤት እንዳያይባት በነጠላዋ ሸፍና ወልድያ ወስዳ እንዴት እንደሸጠችው። ስጽፈው ፊቴ ይግል ነበር። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ፤ አንድ ቃል እንኳ ሳያርም እንዳለ ላክነው።

ተቀበሉኝ። ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን፣ ሁሉንም ችለው ተቀበሉኝ። መምህሩ ወሬውን ለአባቴ ራሱ ካልነገርኩ ብሎ ግራና ድረስ መጣ። አባቴ ደስታው በዛበትና መቀመጥ አቃተው። መምህሩም በደስታ ሰክሮ «ልጅዎ ምን ብላ እንዳሳመነቻቸው ይስሙልኝ እስቲ» አለና ድርሰቴን ከስልኩ ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብለት ጀመር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ አቀርቅሮ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ አመሰገነ፣ መምህሩን እስከ መኪና መንገዱ ሸኘ። ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ያንን አንዴ በልተን የከረምንበትን ለማን ነው ያወራሽው?»

«ለኮሌጁ ነው አባ። እንዲያውቁኝ ነው።»

«እናትሽ ለገዛ እህቷ አልነገረችውም እኮ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ እመልስለት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገበናችንን በሰው አገር አወጣሽው» ብቻ አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለተኛ አይለመደኝም፣ ወላሂ ብዬ ማልኩ። ያን ጊዜ መሐላው ምንም የሚያስከፍለኝ አልመሰለኝም።

በበነጋው ነገሩን እንዳላነሳ ሆኖ ሽማግሌዎች ጠርቶ ዱአ አስደረገልኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት መጥቶ አሚን አለ። ደሴ ሄጄ ፓስፖርት አወጣሁ፤ በዚያውም ደሴን አየሁ። ትምህርቱ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው። የቪዛ ቀጠሮዬ ነሐሴ ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ሆነ። ሻንጣ ተገዛ፣ ቤት ውስጥ ቦታ ጠፋለትና የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። እናቴ በየቀኑ አቧራውን ትጠርግለት ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። መጀመሪያ ድምፁን ሰማን። ቀጥሎ ሰው በዋናው መንገድ፣ በመርሳ በኩል፣ ልጅ አዝሎ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ደሴ ሲጎርፍ ሰነበተ። መምህሩም ቤተሰቡን አይሱዙ ላይ ጭኖ መውጣቱን ሰው ነገረኝ። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መኪና ቆመ። ታጣቂዎቹ መርሳ ገቡ፣ ግራናንም አልረሷትም። የሚዋጉበት ቦታ እኛን አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ፤ አዲስ አበባ ከዚያ ማዶ ቀረች፣ እኛ ከዚህ ማዶ።

«በእግሬ ዞሬ ልለፍ» አልኩት አባቴን።

«አንቺ?» አለኝ።

በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ስለተገኙ ሴት ልጆች የምንሰማውን ሁለታችንም ሰምተናል። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ማለፉ እንደማይሆን ሲገባኝ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ወደቀ። ቢያንስ ልንገራቸው። መንገድ ተዘግቶብኝ ነው፣ ጠልቼ አይደለም፣ ጠብቁኝ ልበላቸው። አንድ መስመር ነው። ያችን አንድ መስመር የማሳልፍበት ቀዳዳ አጥቼ ስንት ቀን ግድግዳ ለግድግዳ ተንቆራጠጥኩ። እናቴን ያለ ጥፋቷ እጮህባት ነበር፤ እሷም ትታገሰኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የአባቴ ሽንኩርት ደንበኛ የሆነ የወልድያ ሾፌር በእግሩ መጣብን። ለዓመታት ሽንኩርታችንን የሚጭንልን ሰው ነው። ጫማው ተቀዶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አባቴ ከበር ተቀበለውና ሰላምታው ተጀመረ። እንዴት ከረማችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? አልሃምዱሊላህ። ቤት ደህና? ደህና። ሰፈሩስ አማን ነው? አማን ነው፣ ይመስገን። ከብቱስ? ማሽላውስ እንዴት ነው? ጥሩ ይዟል። ውሃ ጠጣ፣ እንጀራ ቀረበለት። አባቴ ሁለተኛ ዞር ብሎ «እንዲያው ደህና ናችሁ?» አለው። «ደህና ነን።» ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኸይር ነው ወይ ወንድሜ?» ሲለው ሰውየው የያዘውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰና «የመጀመሪያ ልጄን ትናንት ቀብሬ ነው የመጣሁት» አለ።

በእኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው። ለጠየቀህ ሰው መጀመሪያ የምትሰጠው ምስጋና ነው። ችግርህን ገና ከበር ላይ አትዘረግፍበትም። የምር ሊሰማህ የፈለገ መልሶ ይጠይቅሃል፣ አንተም ያኔ ትናገራለህ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም፤ ሁላችንም እንዲሁ አድገንበታል።

ያ ሾፌር ሲሄድ አንድ ወሬ ትቶልን ሄደ። ከእኛ በላይ ካለው ጋራ ጫፍ ላይ ከደቡብ በኩል ኔትወርክ ይይዛል፣ ሰው እየወጣ ለዘመዱ መልእክት ይልካል አለ። አባቴ ለመነሳት ጊዜ አልፈጀበትም። ስልክ የያዘ ሰው ለጠላት ወሬ ያቀብላል ተብሎ ስለሚያዝ ስልኬን አገልግል ውስጥ ከቆሎ ሥር ቀበርነው። ባትሪው በትንሿ የፀሐይ መብራታችን ሁለት ቀን ተሞልቶ ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር። ጧት ወጣን፣ እሱ ከፊት፣ እኔ አገልግሉን አዝዬ ከኋላ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ኔትወርኩ የሚይዘው አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ አንድ እርምጃ ከወረዱ ይጠፋል። ስለዚህ ሰዉ ራሱ ሕግ አውጥቷል። አንድ ሰው ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ አንድ መልእክት ይልካል፣ ይወርዳል። የሚጨምር ካለው ተመልሶ ከኋላ ይሰለፋል። ማንም አይጋፋም፣ ድምፁን ከፍ የሚያደርግም የለም። ሁሉም የሚልከው ያው ነው፤ «ደህና ነን፣ አታስቡ።» ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ጂዳ ላለች ልጃቸው የሚያጽፉት ሰው አጥተው እኔ ጻፍኩላቸው። ቤታቸው በከባድ መሣሪያ እንደፈረሰ እያወቅኩ «ቤታችን አማን ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ያሉኝ እንዲያ ነው።

ተራዬ ደረሰና ወጣሁ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ከኮሌጁ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የምትከታተለዋ ሴት ጽፋልኛለች። በጣም አጭር ነው። ስለ አካባቢሽ የምንሰማው ዜና አስጨንቆናል፣ አንቺም ቤተሰብሽም ደህና ናችሁ ወይ፣ ያለሽበትን ጻፊልኝ ትላለች።

መልሱን ገና በጋራው መንገድ ላይ በልቤ አዘጋጅቼው ነበር። «መንገድ ተዘግቷል፣ ወደ ኤምባሲው መድረስ አልችልም፣ እባካችሁ ቦታዬን አቆዩልኝ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አባቴ ከድንጋዩ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያየኛል።

«ምን ትላለች?»

ነገርኩት።

«ስለ እኛ ጠየቀች?» ዓይኑ በራ። «አላህ ይስጣት። አታውቀንም እኮ፣ ባሕር ማዶ ሆና። አንቺ ምን አልሻት?»

የጻፍኩትን ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ያንን ፊት ድርሰቱ የተነበበ ቀን አይቼዋለሁ።

«ልጄ፣ ሰው ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ ሸክምሽን ደረቱ ላይ ትጥይበታለሽ? መጀመሪያ አመስግኛት። ደህና ነን በያት፤ በሕይወት አለን፣ ደህና ነን እኮ። የእሷንም ቤት ጠይቂ። መልሳ ስትጠይቅ ያኔ ችግርሽን ትነግሪያታለሽ። እንዲያ ነው የሚያምር።»

ልከራከረው እችል ነበር። መምህሩ እነሱ እንደኛ አይደሉም ብሎኛል፤ የአሜሪካንን ሰው አመል ከአባቴ ይልቅ እኔ እንደማውቅ አውቃለሁ። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል። ያንን መሐላ ምያለሁ። አባቴ ለእኔ ሲል ሊገደል በሚችልበት መንገድ ወጥቶ እዚያ ድንጋይ ሥር ቆሟል። የጻፍኩትን አጠፋሁት። ስለጠየቁን እናመሰግናለን፣ እኔም ቤተሰቤም በአላህ ቸርነት ደህና ነን፣ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ልጆችዎስ ደህና ናቸው፣ ኢንሻአላህ በቅርቡ እንገናኛለን ብዬ ጽፌ ላክሁ። ከዚያ ወርጄ ከኋላ ተሰለፍኩ። አባቴን ልወቅሰው ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ የላከችው ጣት ግን የእኔ ናት።

ሁለተኛው ተራዬ ሳይደርስ ከታች አንድ ሰው እየሮጠ መጣና ታጣቂዎች ወደ ጋራው እየወጡ ነው አለ። ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ወረደ። አባቴ እጄን ይዞ በቁጥቋጦው ውስጥ ሲጎትተኝ «አብሽሪ፣ ነገ እንመጣለን፣ እስከዚያ እሷም ትመልስልናለች» ይለኛል። በበነጋው ጋራው ላይ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም አልወጣበትም።

የቪዛ ቀጠሮዬ ቀን ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ትምህርት የሚጀመርበትም ቀን መጣ፣ ሄደ። ማሽላው አሸተና ወፍ ልጠብቅ ማማው ላይ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ይዤ ወደ ደቡብ አያለሁ። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፣ ይጠብቁኝ እንደሆን አላውቅም፣ ጽፈውልኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ በፊት ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። እኔ እንቅልፍ ብቻ ነበር የሚጥለኝ። ማማው ላይ ሆኜ ወፉ ፊቴ ሲለቅም እያየሁት ወንጭፉን ለማንሳት ክንዴ እምቢ ይለኝ ነበር። ደሴም ተያዘች ሲባል እናቴ ሻንጣውን ከጤፉ ላይ አንስታ አልጋ ሥር ከተተችው። አቧራውን መጥረጉንም ተወችው።

ታጣቂዎቹ ከወጡና መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ስልክ ወዲያው አልተመለሰም። ተመለሰ የተባለ ቀን ከአባቴ ጋር መርሳ ወረድን። መንገድ ዳር አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ስልኩን ከፈትኩት። ሁለት መልእክት ነበር።

የመጀመሪያው የሴትዮዋ ነው፤ እኛ ከጋራው የሸሸን ዕለት ማታውን የጻፈችው። ደህና መሆናችሁን ስሰማ እንዴት እፎይ እንዳልኩ አልነግርሽም ትላለች። ለክፉውም ተዘጋጅተን ነበር፤ መምጣት ካልቻልሽ ቦታሽንም ወጪሽንም ለሚቀጥለው ዓመት ልናቆይልሽ ተስማምተን ነበር፤ እንደማያስፈልግሽ በማወቄ ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ልጆቼ ደህና ናቸው፤ ስለ ልጆቼ የጠየቀኝ ተማሪ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ስም የለበትም። ትምህርት ተጀምሯል፣ አልመጣሽም፣ ምክንያትም አላሳወቅሽም፣ ስለዚህ ቦታሽ ተጠባባቂ ለነበረ ተማሪ ተሰጥቷል ይላል።

እዚያው በረንዳ ላይ ጻፍኩላት። በመጀመሪያው መስመር ጦርነቱን፣ በሁለተኛው መንገዱን፣ በሦስተኛው ጋራውን። ምስጋና የለም፣ ሰላምታ የለም። በማግሥቱ ተመልሰን ወርደን መልሷን ከዚያው በረንዳ ላይ አነበብኩ። በጣም አዝናለሁ፣ ያኔ አንድ መስመር ጽፈሽልን ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር፣ አሁን ግን ከእጄ ወጥቷል ትላለች።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ዱላውን በሁለት ጉልበቶቹ መሐል ይዟል። የቀደመውን ቀን መልሷ ይምጣ ብዬ ሳልነግረው ነበር ያደርኩት። «ንገሪኝ» አለኝ። ሦስቱንም መልእክት አንድ በአንድ፣ ምንም ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ልደብቀው ፈልጌ ነበር፣ አቅም አጣሁ።

«ልጆቿ ደህና መሆናቸው ጥሩ ነው» አለ መጀመሪያ።

አንድ ሚኒባስ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው እየጠራ ከፊታችን ቆመና ሞልቶ ሄደ።

«ቆይ፣ ከዚያ በኋላ ደህና ናችሁ ወይ ብላ አልጻፈችም?»

«አልጻፈችም አባ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዞሮ አየኝ። እንደ ሕፃን ግራ ገብቶት ነበር፤ አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

«ሰው አንዴ ተጠይቆ እንዴት ይናገራል?» አለኝ።